የቀረው አንድ ስንዝር

ሸማኔው ወደ ፖሊስ ጣቢያው የመጣው እህቱን በቀበረ ማግስት ነበር። ማንም አልጠራውም። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ፣ ኢንስፔክተሯ እስክትመጣ ጠበቀ። ስትመጣም አልተነሳም፤ መነሳት እንዳለበት የረሳ ሰው ይመስል ነበር።

«እህቴን የገደለብኝን ሰው ያግኙልኝ» አላት። «ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ሲገኝ ደግሞ ለብቻዬ እንዳይነግሩኝ። ሁሉም ባለበት ስሙን ይጥሩልኝ።»

ኢንስፔክተሯ ከጎኑ ተቀመጠች። ጎልማሳ ናት፤ ብዙ በመናገር አትታወቅም። ባልደረቦቿ «የምትጠይቀው በዓይኗ ነው» ይሏታል፤ እሷ ግን «ዓይኔማ የሚጠይቀው መነጽር ነው» ብላ ታልፋቸዋለች።

«ሻሽ የምትሸጠዋን ባለሱቅ ይዘናታል እኮ» አለችው።

«እሷ ናት። ወላሂ እሷ ናት። ግን እርስዎ አጣርተው እስኪነግሩኝ ልቤ አያርፍም።»

«ያገኘሁትን እነግርዎታለሁ። ቃሌ ነው።»

የሞተችውን ልጅ ሰፈሩ የሚያውቃት «ሚጢጢ» በሚል ስም ነበር። ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ቁመቷ ከእሱ በልጦ እንኳ ሊተወው አልቻለም። እናትና አባታቸው በላይ በላዩ ሲሞቱ እሱ ጎረምሳ፣ እሷ ገና ጡት የጣለች ነበረች። ጀርባው ላይ አዝሏት እየሸመነ አሳደጋት። ስታድግ ግን ሽመናው አልሆነላትም፤ መርፌ ወደደች። ወንድሟ በሸማ ጠርዝ ላይ የሚሠራውን ጥለት እያየች በሂጃብ ላይ ትጠልፈው ጀመር።

መጀመሪያ ላይ የሳቁባት ነበሩ። የሸማ ጥለት ቀጥ ብሎ መተኛት ይወዳል፤ ሻሽ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ይጠመጠማል፣ ይታጠፋል። እሷ ግን ሻሹን ራሷ ላይ አስራ በመስታወት እያየች፣ ጨርቁ ፊት ላይ በሚዞርበት ቦታ ጥለቱን አቅጥና አሳንሳ፣ ትከሻ ላይ ሲደርስ ለቀቅ አድርጋ ትከፍተዋለች። ጥለቱ ከፊት ጋር አብሮ የሚዞር ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሙሽሮች ያለ እሷ ሻሽ አንሞሸርም አሉ። አሁን ተራው የራሷ ነበር። በሳምንቱ ሹፌር እጮኛዋን አግብታ ወደ እሱ ከተማ ልትሄድ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ከሸማኔው ጋር ወደ ቤቱ ሄደች። ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛውን ክፍል ግማሽ ወፍራም ቋሚዎች ያሉት የሽመና ዕቃ ይዞታል። የኋለኛው የሚጢጢ ነው፤ በመስኮቱ ዳር ጠረጴዛ፣ በየቀለሙ የተደረደረ ክር፣ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ሻሾች። አብራት የምትጠልፈው ባልንጀራዋ ዓይኗ አብጦ እዚያ ተቀምጣ ነበር። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲል ወጣሁ፤ እናቴን ሐኪም ቤት ላደርስ። ሚጢጢ የራሷን የሰርግ ሻሽ እየጠለፈች ነበር። የቀራት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ‹የአስር ሰላት አዛን ሳይባል እጨርሰዋለሁ፤ ስትመለሽ አስሬው ታይኛለሽ› አለችኝ።»

«ስትመለሽስ?»

«ጀንበሯ ልትጠልቅ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጉንጯን አስደግፋ የተኛች ነው የመሰለኝ። ከጉንጯ ስር የተባዘተ ጥጥ አለ። የወንድሟ የጋሼ የሥራ ኮት ትከሻዋ ላይ ነው፤ ሲበርዳት ራሷም ትደርበዋለች። ሻሹ አልቆ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። ‹ተነሽ ሙሽሪት› ብዬ ስነካት...» 

የቀረውን ኢንስፔክተሯ ታውቀዋለች። የጭንቅላቷ ኋላ ተመቷል። ከውጭ ብዙ ደም የለም። ጣቢያው ባለሱቋን የያዘበት ምክንያትም ቀላል ነበር፦ ሻሹ ስላለቀ ሚጢጢ እስከ አስር ሰላት ድረስ ስትሠራ ነበር ማለት ነው፤ ከአስር በኋላ ደግሞ ባለሱቋ ገብታ፣ ጮኻ፣ በሩን ደብድባ ስትወጣ ጎረቤት ሰምቷል።

ኢንስፔክተሯ ሻሹን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ቀረበች። ነጭ ነው፤ ዙሪያውን የዓይን ቅርጽ ያላቸው ጥለቶች ተያይዘው ይሄዳሉ።

«ይኼን ስትጠልፉ ከየት ትጀምራላችሁ?»

«ከአንዱ ዓይን። ዙሪያውን እንይዛለን፣ መሃሉን እንሞላለን፣ በስተኋላ ቋጥረን ወደሚቀጥለው እናልፋለን።»

ኢንስፔክተሯ ሻሹን ገለበጠችው። በእያንዳንዱ ዓይን ጀርባ ትንሽ ቋጠሮ አለች። እንደዚያ እየሄደ መጨረሻው ስንዝር ላይ ሲደርስ ቋጠሮዎቹ ጠፉ። በእነሱ ፈንታ ክሩ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል።

«ሚጢጢ እንዲህ ጠልፋ ታውቃለች?»

ባልንጀራዋ አየችው፤ ግንባሯ ተቋጠረ። «አላውቅም። ቸኩላ ይሆናል።»

በፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ምስማር ለብቻው ቀርቷል። ከሥሩ ያለው ቀለም ከሌላው ይልቅ ደማቅ ነው።

«እዚህ ምን ነበር?»

«የአባታቸው ጥለት። ሲሞቱ ጀምረውት የቀረ ቁራጭ ነው። የሰርግ ሻሿን ጥለት የወሰደችው ከእሱ ነው። ዙሁር ላይ ስወጣ ተሰቅሎ ነበር። ጋሼ ማንንም አያስነካም።»

ሸማኔው ከበሩ ሆኖ ይሰማ ነበር። «ሰጠኋት» አለ በዝግታ። «ሻንጣዋ ውስጥ ነው።»

«መቼ ሰጧት?»

«ጠዋት» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ወደ ምስማሩ መለሰች። «የዚያን ቀን እንዴት ዋሉ?» ብቻ ብላ ጠየቀችው።

«ቁርስ አብረን በላን። ከዚያ እስከ አስር ስሸምን ዋልኩ። ስትሠራ በሯ ዝግ ነው፤ አልረብሻትም። አስር ሲባል ወደ መስጂድ ሄድኩ፤ ከዚያ ለሰርጉ ወንበር የሚያከራየውን ሰው ሳነጋግር ቆየሁ። ስመለስ ጩኸት ጠበቀኝ።» ይህን ሲል በአውራ ጣቱ የግራ እጁን ጠቋሚ ጣት ያሻል። ጫፉ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጥቦች ነበሩ።

ከመውጣቷ በፊት ኢንስፔክተሯ ከሽመናው ዕቃ አጠገብ ጎንበስ አለች። በአንደኛው ቋሚ፣ ከጉልበቷ ከፍ ሳይል፣ ሹል በሆነው የእንጨቱ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ክር ተይዟል። ሚጢጢ በዚያ ቀን ያሰረችው የቤት ሻሽ ሰማያዊ ነበር። ክሩን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

ባለሱቋ ጣቢያው ውስጥም ሆና መደብሯ ውስጥ ያለች ያህል ድምጿ ይሰማል።

«እጄ ሰው ነክቶ አያውቅም፤ የሚያስቸግረኝ ምላሴ ነው። ከፈለግሽ እሱን እሰሪው» አለች።

«ምን ልትያት ሄድሽ?»

«ያው የሁልጊዜውን። ጥለቱን ማሽን ውስጥ እናስገባውና በብዛት እንሥራው ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ። ‹ማሽኑ ፊት አያውቅም› ትለኛለች። ሻሹ ፊት ላይ የሚዞርበትን ማለቷ ነው። ልትሄድ ስለሆነ የመጨረሻ ልለምናት ገባሁ። ተኝታለች። ጠራኋት፣ ዝም። ኩርፊያ ነው የመሰለኝ። ቆሽቴ አረረና ‹ተኚ እሺ› ብዬ በሩን ደበደብኩት።»

«ስትተነፍስ ሰማሻት?»

የባለሱቋ ድምፅ ዝቅ አለ። «አላዳመጥኩም» አለች። «እኔ እኮ ስናገር አላዳምጥም።»

ሹፌሩ ደግሞ መጀመሪያ ካደ። «የዚያን ቀን እዚያ አልደረስኩም» አለ።

«ጎረቤት መኪናህን በር ላይ አይቷል።»

ረጅም ወጣት ነው፤ ወንበሩ ላይ አጠረ። «ከዙሁር በኋላ መጥቼ ነበር። ግን አልገባሁም።»

«ለምን?»

«ጋሼን ስለምፈራ። ሚጢጢን ልነጥቀው የመጣሁ ሌባ አድርጎ ነው የሚያየኝ። በሩ ላይ ቆሜ ሽመናው ይሰማ እንደሆን አዳመጥኩ፤ ከተሰማ እሱ ሥራ ላይ ነው፣ ቀስ ብዬ በጓሮ እገባለሁ። ሽመናው ግን ፀጥ ብሏል። ከእሷ ክፍል ሲያንጎራጉር ሰማሁት።»

«ጋሼ? ከእሷ ክፍል?»

«አዎ። ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም። የታረቁ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ብገባ ኖሮ እኮ...» 

ኢንስፔክተሯ ሬሳውን ወደመረመረው ሐኪም ደወለች።

«ይህ ጉዳት ከውድቀት ሊሆን ይችላል?»

«ይችላል። ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው የመታት። ደሙ ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው፤ ቀስ እያለ። እንዲህ የተመታ ሰው ተነስቶ ይራመዳል፣ ይስቃልም። ከዚያ ራሱን ያመዋል፣ ይተኛል።»

«መርፌ ይዞ አንድ ስንዝር ይጠልፋል?»

«አይመስለኝም።»

«እንቅልፉስ ምን ይመስላል?»

«ከባድ ነው። ያንኮራፋል። የማያውቅ ሰው ደክሞት ነው ብሎ ያልፈዋል።»

ስልኩን ዘግታ «ያንኮራፋል» የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ጻፈች።

በማግስቱ ጠዋት ቀድማ ሸማኔው ቤት ደረሰች። «እስኪ ትንሽ ይሸምኑልኝ» አለችው። ግር ቢለውም ተቀመጠ። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ቀለሙን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈ፣ መታው፣ ተመልሶ አሳለፈ። ዓይኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ መስመር በመስመር፣ ከሥር ወደ ላይ ያድጋሉ። አንዱን ብቻ ለይቶ የሚጨርስበት መንገድ የለውም።

«ጋሼ» አለችው፣ «ያገኘሁትን ለብቻዎ ልንገርዎት።»

«አይሆንም። ቃል ገብተውልኛል።»

«የሚሻለው እሱ ነው።»

«ለእኔ የሚሻለኝ ነገር አልቋል» አለ። «ይጥሩት ስሙን።»

ሁሉም በኋለኛው ክፍል ተሰበሰቡ። ባልንጀራዋ ከክሮቹ አጠገብ ቆመች። ሹፌሩ በሩ ዳር፣ ባለሱቋ ከአንድ ፖሊስ ጋር መስኮቱ ጥግ። ሸማኔው የእህቱን ወንበር ባዶ ትቶ መሬት ተቀመጠ። ዓይኑን ከባለሱቋ ላይ አልነቀለም።

«ባለሱቋ ማንንም አልመታችም» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «እሷ ስትገባ ሚጢጢ ከተጎዳች ቆይታለች። ያሳሳተን ይህ ሻሽ ነው። ስላለቀ፣ እሷ የጨረሰችው መሰለን።»

ሻሹን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «እስከዚህ ድረስ በየዓይኑ ጀርባ ቋጠሮ አለ። ይህ የእሷ እጅ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ክሩ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጠልፎ የሚያድር ሰው እንዲህ አይሠራም። እንዲህ የሚሠራው ሸማኔ ነው።»

 ሸማኔው ዓይኑን ከባለሱቋ ላይ አንስቶ ወደ ሻሹ አየ።

«የአባታችሁ ጥለት ዙሁር ላይ ግድግዳው ላይ ነበር። ስለዚህ ጠዋት አልሰጧትም፤ ከዙሁር በኋላ ነው። ከዙሁር በኋላ ደግሞ ሽመናው ፀጥ ብሎ እርስዎ በዚህ ክፍል ሲያንጎራጉሩ ተሰምቷል። ጣትዎን መርፌ ወግቶታል። ጥጡን ከጉንጯ ስር ያደረጉት፣ ኮቱን የደረቡላት፣ የቀረውን ስንዝር የጠለፉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አለ ሸማኔው። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ ግራ መጋባት ብቻ። «ተኝታ እኮ ነበር። ስትነቃ አልቆ እንድታየው ነው። ትቻት ስሄድ ደህና ነበረች። ገዳዩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።»

«ከመተኛቷ በፊት ምን ሆነ?»

ሸማኔው ሹፌሩን ቀና ብሎ አየው፤ አፍሮ ዓይኑን መለሰ።

«ተጣላን» አለ። «የአባቴን ጥለት ይዤ ልሂድ አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ከምስማሩ አወረደችው። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ አንዱን እሷ። እንደ ልጅ ተጓተትን። ‹አንተ ሁሉንም ትይዛለህ፣ እኔ ምን ይዤ ልሂድ› አለችኝ።  ‹በቃ ውሰጂው› ብዬ ለቀቅኩት።»

«ሲለቁትስ?»

«ወደ ኋላ ወደቀች። ከሽመናው ቋሚ ጋር ተጋጨች። ሮጬ አነሳኋት። ሳቀች እኮ። ‹ስትሰጥም እንዲህ ነህ› አለችኝ። ትንሽ ራሴን አመመኝ ብላ እዚህ መጥታ ተቀመጠች፣ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አለች። ጥለቱን አጣጥፌ ሻንጣዋ ውስጥ ከተትኩላት። ከሰርጓ በፊት ከእህቴ ጋር ጨርቅ ተጓትቼ ጣልኳት ብዬ ለሰው ማውራት አፈርኩ። ደግሞ ከሞቷ ጋር ምን ያገናኘዋል? ስቃ ነው የተነሳችው።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ሰማያዊዋን ክር አሳየችው። ከዚያ ከፊቱ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በኋላ የመታት ሰው የለም። ጉዳቱ አንድ ነው፤ የቋሚው ጠርዝ ነው። ደሙ ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ሰው ይስቃል፣ ይራመዳል፣ ከዚያ ይተኛል ብሎኛል።»

መጀመሪያ የሰማ አልመሰለም። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ሁሉም አዩት። ባልንጀራዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ስጠልፍላት...» አለ። «ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች?»

ኢንስፔክተሯ ልትዋሽ ትችል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንድትዋሽ እየተመኙ ነበር።

«ነበረች» አለች።

«ታንኮራፋ ነበር። ‹ባልሽ ጉድ ፈላበት› አልኳት። ሳቅኩባት።» እጆቹን እንደማያውቃቸው ዓይነት አያቸው። «አጠገቧ ተቀምጬ ሳንጎራጉር... ሐኪም ቤት እኮ ቅርብ ነው።»

 ባለሱቋ ናት መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው። ያን ሁሉ ወደከሰሳት ሰው ሄዳ ከጎኑ መሬት ተቀመጠች፤ ዝም ብላ ትከሻውን ያዘችው። ሹፌሩ በሩን ተደግፎ ያለቅስ ነበር። ኢንስፔክተሯ «ቃልዎን ለመስጠት ጣቢያ መሄድ አለብን» ስትለው ሸማኔው ለመነሳት ሞከረ። ያነሳው ሹፌሩ ነው። በብብቱ ስር ገብቶ ደግፎት ወጡ። ኢንስፔክተሯ ከኋላ ከኋላቸው ሄደች።

ዳኛው ጉዳዩን ሰምተው ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር የለም ብለው አሰናበቱት። ሸማኔው ግን ከፍርድ ቤቱ የወጣው እንደተፈረደበት ሰው ነው። ወራት ሙሉ አልሸመነም። ባልንጀራዋ ምሳ ታመጣለት ነበር፤ አንዳንዴ ይበላል፣ አንዳንዴ ሳይነካው ይመልስላታል።

ሹፌሩ ወደ ከተማው ሳይሄድ ቀረ። ዓርብ ዓርብ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቀዋል፤ ሸማኔው ወጥቶ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ጁምዓ ሰግደው ይመለሳሉ። መንገዱን ሙሉ አይነጋገሩም። ስሟን አንዳቸውም አያነሱም።

ከዕለታት በአንዱ ዓርብ ሲመለሱ ሸማኔው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ድንገት ጠየቀው።

«እዚህ ስትቀመጥ ምን ትልህ ነበር?»

ሹፌሩ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ቀስ በል። ሁልጊዜ ቀስ በል ነበር የምትለኝ።»

«እኔን ደግሞ ፍጠን ነበር የምትለኝ» አለ ሸማኔው። «ሸማ እንዲህ አይሠራም፣ ፍጠን።»

ሹፌሩ መኪናውን ወደ ጥግ አውጥቶ አቆመ። ሁለቱም ወደ ፊት ወደ ፊት እያዩ፣ መንገዱ ባዶ እስኪሆን ድረስ፣ ስለ እሷ አወሩ።